ወታደሩ ለምን ከካምፑ አልወጣም? «ሰላም ማስከበር ይቅር» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን (ተመድን) ሰላም አስከባሪዎች «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» በሚለው ተረት ከገለጹ በኋላ ስድስት ነገር ይላሉ። ሰላም አስከባሪ የትም ቦታ ሰው አድኖ አያውቅም። ሰላማዊ ሰዎችን መጠበቅ ችሮታ እንጂ ሕጋዊ ግዴታ አይደለም። ሉዓላዊ አገር ውስጥ የገባ የውጭ ወታደር በመንግሥት ጦር ላይ ሊተኩስ አይችልም። ዳርፉር ላይ ለ13 ዓመት የፈሰሰው ገንዘብ ውሃ በልቶታል። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ደሃ አገሮች ልጆቻቸውን የሚልኩት ለዶላር ነው። ስለዚህ ወታደሩ ወደየአገሩ ይመለስ፣ የየአገሩም ሕዝብ ታጥቆ ራሱን ይጠብቅ።

የጸሐፊውን ቁጣ እጋራለሁ፤ ካምፕ አጥር ሥር ሰው ሲታረድ ዝም ያለ ወታደር ታሪክ ማንንም ያስቆጣል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ብዙ ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ አንድ በአንድ መልስ ልስጥበት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰው አድኖ አያውቅም» ለሚለው ያቀረቡት ማስረጃ ሩዋንዳና የቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻ ናቸው። ሁለቱንም ግን ግማሽ ብቻ ነው የነገሩን።

በ1993 በውሳኔ ቁጥር 872 ወደ ሩዋንዳ የተላከው የተመድ ተልዕኮ፣ ኡናሚር፣ ወደ 2,500 ወታደር ነበረው። አዛዡ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ጭፍጨፋው ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ኪጋሊ ውስጥ የጦር መሣሪያ የተከማቸበትን ቦታ የሚጠቁም መረጃ አግኝቶ ሊፈትሽ መሆኑን ለኒውዮርክ አሳወቀ፤ ከኒውዮርክ የመጣው መልስ ከለከለው። ኤፕሪል 7 ቀን 1994 አሥር የቤልጅየም ወታደሮች ተገደሉ። ከአራት ቀን በኋላ ኪቹኪሮ በሚገኘው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰፍሮ የነበረው የቤልጅየም ጦር፣ ከእሱ ሥር የተጠለሉትን ወደ 2,000 የሚሆኑ ሰዎች ትቶ ወጣ። አብዛኞቹ የዚያኑ ዕለት አለቁ። ኤፕሪል 21 ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 912 ጦሩ ወደ 270 ሰው ዝቅ እንዲል አዘዘ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመው «አያችሁ!» ይላሉ።

እኔ ግን ስለዚያ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ኢንተርሃምዌ የሚባለው የገዳዮቹ ሚሊሻ ገጀራውን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቀናት የቆየው ምን እየጠበቀ ነበር? ወታደሩ እስኪወጣ ነበር የሚጠብቀው። ጥቂት የታጠቁ የውጭ ሰዎች በሩ ላይ በመቆማቸው ብቻ ገዳዮቹ አልገቡም ነበር፤ የገቡት መኪኖቹ ከወጡ በኋላ ነው። ሰላም አስከባሪ አያድንም ለማለት የቀረበው ታሪክ ሲኖር እንደሚያድን፣ ሲወጣ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። በኪጋሊው አማሆሮ ስታዲየም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተረፉትም የጋና ወታደሮችን ጨምሮ ጥቂት መቶዎች አንሄድም ብለው በመቅረታቸው ነው። ሴኔጋላዊው ሻምበል ምባዬ ዲያኝ በገዳዮች ኬላ መሐል ሰዎችን በመኪናው እየጫነ እያሳለፈ ብዙ ነፍስ አድኖ ሜይ 31 በሞርታር ፍንጣሪ ሞተ። በእጁ መሣሪያ አልነበረም። የጸጥታው ምክር ቤት ከ20 ዓመት በኋላ በስሙ የጀግንነት ሜዳይ አቋቁሟል። ይህ ሰው የአህያ ባል ነው?

ስሬብሬኒጻም ያው ነው። በ1993 ስድስት የቦስኒያ ከተሞች «የተጠበቁ ቀጠናዎች» ሲባሉ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ እነሱን በእውነት ለመጠበቅ 34,000 ወታደር እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር። ምክር ቤቱ የፈቀደው 7,600 ነው። በጁላይ 1995 የቦስኒያ ሰርብ ጦር ስሬብሬኒጻን ሲይዝ እዚያ የነበሩት የኔዘርላንድ ወታደሮች በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የለመኑት የአየር ድጋፍም እንደሚያስፈልገው አልመጣላቸውም። ወደ 8,000 ወንዶችና ልጆች ተረሸኑ። ቃል ገብተህ፣ ቃልህን የሚፈጽም ኃይል ሳትልክ ስትቀር የሚሆነው ይህ ነው። ጥፋቱ ቃል መግባቱ አይደለም።

ጸሐፊው ሴራሊዮንን ጨርሶ አላነሱም። በኦክቶበር 1999 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 1270 ሰላም አስከባሪው በአካል ጥቃት ሥጋት ላይ ያሉ ሲቪሎችን እንዲጠብቅ በግልጽ የፈቀደ የመጀመሪያው ውሳኔ ነበር። መጀመሪያ ላይ ውርደት ደረሰበት፤ በሜይ 2000 ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ወታደሮቹ በአማጽያን ተያዙ። ግን ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። እንግሊዝ ጦሯን አስገባች፣ የተመድ ጦር ቁጥር ወደ 17,500 አደገ፣ ከ70 ሺህ በላይ ታጣቂ መሣሪያውን ፈታ፣ በ2002 መጀመሪያ ጦርነቱ አበቃ። ተልዕኮው በ2005 ሲዘጋ እጅ በመቁረጥ የታወቀው ያ ጦርነት አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ማስረጃ ለሚሻ በ2013 ሊሳ ሑልትማንና ባልደረቦቿ ከ1991 እስከ 2008 በአፍሪካ የተካሄዱ የእርስ በርስ ጦርነቶችን ወር በወር አጥንተው ያገኙት ውጤት አለ፤ የተመድ ወታደርና ፖሊስ ቁጥር ሲጨምር የሚገደለው ሲቪል ቁጥር ይቀንሳል። ታዛቢዎችን ብቻ መላክ ግን ያንን ውጤት አያመጣም።

ይህን ስል ጉድለቱን ልሸፍን አይደለም። እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ከክርክራቸው ሁሉ የሚከብደውን ቁጥር እኔው ላንሳላቸው። የድርጅቱ የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ቢሮ በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2010 እስከ 2013 በሲቪሎች ላይ ከደረሱና ከመዘገባቸው 507 ጥቃቶች ሰላም አስከባሪው ወዲያው ምላሽ የሰጠው ለ101ዱ፣ ማለትም ለ20 በመቶው ብቻ ነው። በኃይል መከላከል ደግሞ እምብዛም የለም። ሪፖርቱ ምክንያቱንም አስቀምጧል። ወታደሩ የሚታዘዘው ለሁለት ጌታ ነው፤ አንደኛው የተመድ አዛዥ፣ ሁለተኛው የላከው አገር ዋና ከተማ። አዛዡ «ውጣ» ሲል መቶ አለቃው ስልክ ያነሳና ወደ አገሩ ይደውላል። ከዚያ በኩል «ተጠንቀቅ፣ አትንቀሳቀስ» ከተባለ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ዋጋ የለውም። የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጽሑፉ አንድም ቦታ አልነካውም።

ደቡብ ሱዳን ሁለቱንም መልክ አሳይታናለች። በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ ወደ ተመድ ካምፖች ጎረፈ፤ ሚሲዮኑም በሩን ከፈተ። ጁባ፣ ቦር፣ ማላካል፣ ቤንቲዩ። በጊዜው ከነበረው ልማድ ውጭ የሆነ፣ ቅጽበታዊ ውሳኔ ነበር። እየቆየ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በእነዚህ አጥሮች ውስጥ ኖሯል። ከጋምቤላ ድንበር አጠገብ ባለችው አኮቦ የተጠለሉ ሰዎችን ለመግደል ካምፑን ጥሰው የገቡ ታጣቂዎች ሁለት ሕንዳውያን ሰላም አስከባሪዎችንም ገድለዋል። ጽሑፉ «ሰው አድኖ አያውቅም» ሲል በቤንቲዩ ጭቃ ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችን ከቁጥር አስወጥቷቸዋል።

ሌላው መልክ ማላካል ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ታጣቂዎች መጠለያው ውስጥ ገብተው ቢያንስ 30 ሰው ገደሉ፣ ሰፊውን ክፍል አቃጠሉ። የድርጅቱ መርማሪ ቦርድ ወታደሮች እርምጃ ሳይወስዱ መቅረታቸውን፣ ቦታቸውን ለቀው መሸሻቸውን፣ ለመዋጋትም ፈቃደኛ አለመሆናቸውን አረጋገጠ። እዚያ ከነበሩት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮችም ነበሩ። በዚያው ዓመት ጁላይ ጁባ ውስጥ፣ በሚሲዮኑ ዋና ካምፕ ከ1,800 በላይ እግረኛ ወታደር እያለ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚርቅ ግቢ ውስጥ የእርዳታ ሠራተኞች ሲደበደቡና ሲደፈሩ የድረሱልን ጥሪ ቀረበ። ፈጥኖ ደራሽ እንዲልኩ የተጠየቁት ሻለቆች ሁሉ እምቢ አሉ፤ የቻይናው፣ የኔፓሉ፣ የሕንዱ፣ የእኛም። ኬንያዊው አዛዥ ተሰናበቱ፤ ኬንያም ተቆጥታ ጦሯን አስወጣች። እንደ ኢትዮጵያዊ ይህን ስጽፍ ያመኛል። ጸሐፊው ሽንፈቱን ለ«ነጮቹ ድርጅት» ብቻ ትተውት አለፉ፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ካምፑ ውስጥ ነበርን።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ «ችሮታ እንጂ ግዴታ አይደለም» ወደሚለው። በ1949ኙ አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ላይ ያለው የጋራ አንቀጽ 3 በውጊያው የማይሳተፍን ሰው መግደልን፣ ማሰቃየትን፣ ማገትን በእርስ በርስ ጦርነትም ይከለክላል፤ መንግሥትንም አማጺንም ያስገድዳል። አንቀጽ 1 ደግሞ ፈራሚ አገሮች ስምምነቶቹን ራሳቸው እንዲያከብሩ ብቻ ሳይሆን እንዲያስከብሩም ግዴታ ይጥላል። ወታደር የላከ አገር ይህን ግዴታ ኤርፖርት ላይ አራግፎ አይሄድም። ተመድ ራሱ ስምምነቶቹን የፈረመ አገር ባይሆንም በኦገስት 1999 ዋና ጸሐፊው ባወጡት መመሪያ፣ በድርጅቱ አዛዥነት የሚዋጉ ኃይሎች የሰብዓዊ ሕጉን መሠረታዊ ደንቦች እንዲያከብሩ ታዟል። ሲቪሎችን የመጠበቅ ሥልጣን በተሰጠበት ተልዕኮ ላይ ደግሞ ኃይል መጠቀምን በሚፈቅደው የተመድ ቻርተር ምዕራፍ ሰባት የጸደቀው ውሳኔ አለ።

ተጠያቂ የለም ላሉትም የኔዘርላንድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጥቀስላቸው። ሐሰን ኑሃኖቪች በስሬብሬኒጻ የተመድ አስተርጓሚ ነበር። ወላጆቹና ወንድሙ ካምፑ ውስጥ ተጠልለው ሳለ የኔዘርላንድ ወታደሮች አስወጧቸው፤ ተገደሉም። ኑሃኖቪች የኔዘርላንድን መንግሥት ከሰሰ፤ «ወታደሮቹ በተመድ ሥር ስለነበሩ እኔን አይመለከተኝም» የሚለው መከራከሪያ በ2013 ውድቅ ሆነ። በቦታው ላይ ትክክለኛው ቁጥጥር በማን እጅ እንደነበር ነው ፍርድ ቤቱ የመረመረው። በ2019 ደግሞ ከካምፑ እንዲወጡ ስለተደረጉ ወደ 350 ወንዶች ያው ፍርድ ቤት መንግሥትን ተጠያቂ አድርጓል፤ ኃላፊነቱን ግን በ10 በመቶ ብቻ ወሰነው። ለእናቶቹ ይህ ቁጥር ስድብ እንደሆነባቸው ይገባኛል። ድርጅቱ ራሱም ያለመከሰስ መብቱን ይዞ ከክሱ አመለጠ። ቢሆንም ወታደር የላከ መንግሥት በገዛ ፍርድ ቤቱ ሊጠየቅ እንደሚችል ከእንግዲህ የሚካድ አይደለም። ይህ በር ጠበበ ተብሎ ይሰፋ እንጂ የለም አይባልም።

ስለ ሉዓላዊነት አጭር መልስ ይበቃል። የተቀባይ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ተልዕኮውን ለመቀበል የተሰጠ እንጂ የራስን ዜጋ ለመግደል የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በሜይ 2014 ስለ ደቡብ ሱዳን የወጣው ውሳኔ ቁጥር 2155 ሲቪሎችን ከአካል ጥቃት መጠበቅ ጥቃቱ ከየትም ወገን ቢመጣ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፤ መንግሥትም ይጨምራል። የእኛው አፍሪካ ኅብረት በመመሥረቻ ሰነዱ አንቀጽ 4 (ሸ) ዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀልና በሰብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር በአባል አገር ጉዳይ የመግባት መብት ለኅብረቱ ሰጥቷል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ሉዓላዊነትን የሚጠቅስ ሰው ይህን አንቀጽ መዝለል የለበትም።

አሁን ዳርፉር። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይህ ክፍል ነው።

በዳርፉር የተሰማራው የተመድና የአፍሪካ ኅብረት የጋራ ተልዕኮ ዩናሚድ በጁላይ 2007 በውሳኔ ቁጥር 1769 ሲቋቋም ወደ 26,000 ወታደርና ፖሊስ ተፈቅዶለት ነበር። ጉድለቶቹን ጸሐፊው በትክክል ዘርዝረዋል። ካርቱም ሄሊኮፕተር ታግዳለች፣ ጉዞ ትከለክላለች፣ በ2014 በታቢት መንደር የጅምላ አስገድዶ መድፈር ተፈጽሟል ሲባል መርማሪዎቹ ከሱዳን ወታደሮች ጋር ሆነው ነው ነዋሪውን ያናገሩት፤ እንዲህ ሆኖ ማን አፉን ይከፍታል? ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ጸሐፊው ግን «ቢወጣም ምንም አልተለወጠም» ሲሉ አልቀበልም።

የዩናሚድ ሥልጣን ያበቃው ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2021 አጋማሽ፣ በምዕራብ ዳርፉሯ ጄኔይና ከተማ ተፈናቃዮች የሰፈሩበት ካምፕ ተጠቅቶ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ታጣቂ ቡድን መካከል ጦርነት ካርቱም ላይ ሲፈነዳ በዳርፉር አንድ እንኳ የታጠቀ ሰላም አስከባሪ አልነበረም። በዚያው ዓመት በጄኔይና ብቻ ከ10,000 እስከ 15,000 ሰው ሳይገደል እንዳልቀረ ለጸጥታው ምክር ቤት የቀረበ የባለሙያዎች ሪፖርት ገምቷል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የአካባቢው ማሳሊት ብሔረሰብ አባላት ናቸው። የሰሜን ዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር ከአንድ ዓመት በላይ ተከበበች። ምክር ቤቱ በጁን 2024 በውሳኔ ቁጥር 2736 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከበባውን እንዲያነሳ ጠየቀ፤ ወረቀቱን የሚያስፈጽም ወታደር ግን አልነበረም። ኤፕሪል 2025 በከተማዋ አቅራቢያ ያለው የዛምዛም የተፈናቃዮች ካምፕ ተወረረ። ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ኤል ፋሸር ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ገዳዮቹ ራሳቸው በስልካቸው ቀርጸው አሳዩን። ደካማ ጥበቃ ያለበትን ዳርፉርና ምንም ጥበቃ የሌለበትን ዳርፉር ጎን ለጎን አይተናል። ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከሆነ መልሴን አላመነታበትም።

በዚያው ኦክቶበር የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አሊ ኩሻይብ የሚባለውን፣ መንግሥት በዳርፉር ያስታጠቀውን የጃንጃዊድ ሚሊሻ መሪ፣ በ2003 እና በ2004 በዳርፉር በተፈጸሙ ወንጀሎች ጥፋተኛ ብሎታል። ፍርዱ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ፍርድ ቤት የሞተን አይመልስም፤ ወንጀሉ ሲፈጸም በመካከል የሚቆም ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ለዶላር ነው የሚልኩት» ለሚለው፤ ክፍያ መኖሩ እውነት ነው። ከ2018 ጀምሮ ተመድ ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ለላኪው መንግሥት ይከፍል ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለወታደሩ የሚደርሰው እያንዳንዱ መንግሥት የሚወስነው ነው፣ እሱን መጠየቅም ተገቢ ነው። ግን ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአቢዬ ለአሥር ዓመት ያህል የጦሩ ዋና አካል ሆነው የቆሙት ኢትዮጵያውያን ሥራቸው በዶላር ብቻ ተተርጉሞ አይዘጋም። በሜይ 2011 የሱዳን ጦር አቢዬን ሲይዝ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሸሽቶ ነበር፤ ያን ጊዜ እዚያ የነበረው የሌላ ሚሲዮን ጦር አላስቆመውም። በሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈርሞ በውሳኔ ቁጥር 1990 ወደ 4,200 የሚሆን የኢትዮጵያ ጦር በመሐል ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋናው የሱዳን ጦር ለቆ ወጣ፣ ሰውም ወደ ቀዬው መመለስ ጀመረ። በሜይ 2013 የአቢዬ ነዋሪ የሆነው የንጎክ ዲንካ ሕዝብ ባላባት ኩኦል ዴንግ በሰላም አስከባሪው አጀብ ውስጥ እያሉ ሲገደሉ፣ አብሯቸው የሞተው ኢትዮጵያዊ ወታደር ነበር። የዚያ ወታደር ቤተሰብ ጽሑፉን አንብቦ ከሆነ ምን እንደተሰማው አስባለሁ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት፣ ይልቁንም ከተናገሩት በላይ ሊናገሩ የሚገባቸው አንድ ነገር አለ፤ ወሲባዊ ጥቃት። ሰላም አስከባሪ ወታደር ወንጀል ሲፈጽም የሚዳኘው የላከው አገር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ጉዳዮች ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ የት እንደደረሱ አይታወቅም። ጠባቂ ሆኖ የሄደ ሰው ልጅ ሲደፍር ከማንኛውም ሽፍታ የከፋ ነው፤ ችሎቱም በተፈጸመበት አገር፣ ተጎጂዋ ባለችበት መሆን አለበት እላለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም አደገኛው ነው። «ሕዝቡ ይታጠቅ» ይላሉ። በ1977ቱ ሁለቱም የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሲቪል ሰው ጥበቃ የሚያገኘው በውጊያ በቀጥታ እስካልተሳተፈ ድረስ ነው፤ በተሳተፈበት ጊዜ ጥበቃውን ያጣል። መንደሩን ሁሉ ስታስታጥቅ አጥቂው የሚፈልገውን ምክንያት በእጁ ትሰጠዋለህ፤ «ያጠቃሁት ታጣቂ ነው» ይልሃል፣ በአዝመራው መሐል ያለችውን ሴትዮም አብሮ ይቆጥራታል። ጃንጃዊድ ራሱ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ መንግሥት አንዱን ማኅበረሰብ በሌላው ላይ አስታጠቀ። የዛሬው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የዚያ ልጅ ነው።

ሊሠራ የሚገባው ሌላ ነው። በ2015 ኪጋሊ ላይ ወታደር የሚልኩ አገሮች ሲቪሎችን ስለመጠበቅ መርሆዎች አውጥተዋል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላቸዋለች። አዛዡ ሲቪልን ለመጠበቅ ኃይል ለመጠቀም ከአገሩ ዋና ከተማ ተጨማሪ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም ይላሉ፤ እርምጃ ሳይወስድ የቀረም ይጠየቃል ይላሉ። ማላካልና ጁባ የተከሰቱት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ወታደሮቻችን በእነዚያ ቀናት ከአገር ቤት ምን ትእዛዝ እንደደረሳቸው፣ ማንስ እንደተጠየቀ፣ እስከ ዛሬ ለሕዝብ በግልጽ የተነገረ ነገር አላየሁም። ጸሐፊው ብዕራቸው ስል ነው፣ አንባቢያቸውም ብዙ ነው፤ «ይቅር» ከማለት ይልቅ ይህን ለመከላከያ ሚኒስቴርና ለፓርላማው ቢጠይቁ እኔም ከጎናቸው ስሜን አኖራለሁ።